አሥራ አምስት ሳንቲም ያተረፍኩበት ደብዳቤ

የኅዳር ሚካኤል ማግስት አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሰው በዓሉን ይወደዋል፤ እኔ የማግስቱን ሽታ አልችለውም። ጎረቤት ሁሉ የዓመት ቆሻሻውን በየደጁ ቆልሎ ሲያቃጥል ይውላል፤ በነጋታው ጭሱ አልፎ አመዱ ይቀራል፣ ጤዛ ሲነካው ደግሞ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ያወጣል። ዘንድሮም ያ ሽታ በመስኮት ገብቶ ከወንበሬ አስነሳኝ። ምራቴ ሳሎን ቁጭ ብላ፣ ስልኳ ውስጥ አንድ ድምፁ የለሰለሰ ልጅ ገንዘብ ስለ መቆጠብ ሲያስተምር ትሰማለች። ሻይ ውጭ አትጠጡ፣ ቤታችሁ አፍሉ ይላል። ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ቀን አስቡበት ይላል። ርቧችሁ ገበያ አትውጡ ይላል። «አባባ፣ ይሄ ልጅ እኮ እውነቱን ነው» አለችኝ፣ እኔም እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጋ። እኔ ለአንድ ሸሚዝ ሦስት ዓመት አስቤበታለሁ አልኳትና ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። የእኔ ነገር ነው፤ ስለ ቁጠባ ሲወራ ቤት አይበቃኝም። በዚህ ከተማ ከእኔ የበለጠ የቆጠበ ሰው አላየሁም። ምን እንዳተረፈልኝም አውቃለሁ።

እግሬ እንደ ልማዱ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይዞኝ ሄደ። ዛሬ እዚያ የሚቆም ባቡር የለም፤ አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ባጃጁ ግን ጆሮዬ ሥር ይንጫጫል። ይሄ መንገድ ድሮ የጋሪ ነበር። ናዝሬት ማለት የፈረስ ኮቴ፣ የቃጭል ድምፅና ፀሐይ የመታው ፋንድያ ነበረች። ከጣቢያው እስከ ገበያ አሥር ሳንቲም፣ ዕቃ ካለህ አሥራ አምስት፣ ሴትዮዋ ወፍራም ከሆነች ደግሞ ክርክር። እኔም ባለጋሪ ነበርኩ። ያን ሁሉ እያሰብኩ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ስደርስ፣ ከማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ አየሁ። በአንድ እጁ ብትር፣ በሌላው ወረቀት ይዟል፤ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አቅርቦ ደግሞ ይመልሰዋል። አወቅኩት። ጋሽ ገመቹ ነው። በደርጉ ጊዜ ፖስታ ቤቱ ደጅ ባለችው በዚችው ግራር ሥር አንድ እግሯ የሚወላገድ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ላልተማረ ሰው ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የመጣለትንም የሚያነብለት ሰው ነበር። መጻፍ ሃምሳ ሳንቲም፣ ማንበብ አሥራ አምስት። ሞቷል ብዬ ነበር። ወዲያው አልቀረብኩትም፤ መንገዱን ሳልሻገር ቆምኩ።

ያን ጊዜ እንዴት እንደምንኖር ለዚያ ለስልክ ልጅ ቢነግሩት አያምንም። ስኳር ወንጂ አፍንጫችን ሥር ይፈላል፣ ነፋስ ሲዞር ሽታው ከተማ ይገባል፤ እኛ ግን በራሽን ከቀበሌ ሱቅ ነው የምንቀበለው፣ ለዚያውም ከተገኘ። ሰልፍ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ማለዳ ድንጋይህን ታስቀምጥና ሥራህ ትሄዳለህ፤ ሁሉም ድንጋዩን ያውቃል። የእኔ ጥቁር ነበር፣ ከሶደሬ መንገድ ያመጣሁት፣ ማንም እንዳይመሳሰልብኝ። ሸሚዝ ኮሌታው ሲበላ አይጣልም፤ ልብስ ሰፊው ፈትቶ ይገለብጠዋል፣ ያልተበላው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሌላ ሁለት ዓመት ይለበሳል። ጫማ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው። እሱ አያልቅም፤ አንተ ቀድመህ ታልቃለህ። አንድ ክብሪት በምላጭ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ እኔ አንዳንዴ ለሦስት እሰነጥቅ ነበር። የሳሙና ቁራጭ ከቁራጭ ጋር ተጠፍጥፎ አዲስ ሳሙና ይሆናል። ምሳ ሰዓት ላይ ሸንኮራ ታላምጣለህ፤ ጥርስህ ሲደክመው ሆድህ የበላ ይመስለዋል። ለሠርግና ለለቅሶ ሦስት ባለጋሪዎች አንድ ቡናማ ኮት ነበረን፤ አንዱ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ መንገድ ላይ አውልቆ ለሌላው ይሰጣል፣ ሐዘንተኞቹም ኮቱን ያውቁት ነበር። «ዛሬ ደግሞ ማን ለብሶት መጣ?» ይላሉ። በዚያ ላይ ሙዚቃ አለ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ብትቆም ሻይ ሳትገዛ ዘፈን ትሰማለህ፤ ባለቤቱ ያባርርሃል፣ ዞረህ በጓሮ በኩል ትሰማለህ። ፈረሴ እንኳ የሚቆምበትን ቦታ ለምዶት ነበር።

ከሁሉም የባስኩት ግን እኔ ነበርኩ። ሌላው ስላጣ ነው የሚቆጥበው፤ እኔ አግኝቼም እቆጥብ ነበር። ከሁሩታ ወዲያ ካለ ገጠር ባዶ እጄን ስለመጣሁ፣ የሰው ጋሪ እየነዳሁ ስንት ዓመት ስለተሰደብኩ፣ የራሴን ጋሪ ሳልገዛ ሰው አልሆንም ብዬ ነበር። ገዛሁም። ከገዛሁ በኋላም መቆጠቡ አልተወኝም፤ እጅ ከታጠፈ ቶሎ አይዘረጋም። ያኔ ነው ታናሽ እህቴ ሙሉነሽ ከአገር ቤት መጥታ እኔ ጋ ያረፈችው። አንዲት ክፍል ነበረችኝ፣ ግድግዳዋ ጋዜጣ የተለጠፈባት። ሙሉነሽ ሳቂታ ነበረች፤ አፏም ስለታም። አመሻሽ ላይ ጸጉሯን ልታበጥር ኩራዝ ታበራለች፤ እኔ ደግሞ እፍ እለዋለሁ። ጸጉር በእጅ ይታወቃል፣ ላምባ አያስፈልገውም እላታለሁ። የሻይዋን ስኳር እኔ ነበርኩ የምለካላት። አንድ ቀን ለፈረሱ ፉሩሽካ ሳቀርብ ቆማ አየችኝና «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ጋ እንደ ፈረሱ መሆን ይሻላል። እሱን ሳትሰፍር ነው የምትሰጠው» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ፈረሱ ይሠራል አልኳት። በሳምንቱ ደብረ ዘይት አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። አልከለከልኳትም። እውነቱን ለመናገር፣ የሄደች ዕለት ስኳሩ ስንት ቀን እንደሚያቆየኝ ነበር ያሰብኩት።

ከደብረ ዘይት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላከች። እሷም እንደኔ ፊደል አታውቅም፤ ሃምሳ ሳንቲሟን ከፍላ ነው የምታስጽፈው። ሁለቱንም ጋሽ ገመቹ አነበበልኝ። በመጀመሪያው አሥር ብር ላክልኝ ትላለች፣ በሁለተኛው ሻሽና ጫማ። ላክሁላት፤ ግን እያጉረመረምኩ። በዚያው ሰሞን የመሠረተ ትምህርት ነገር መጣ። ቀበሌያችን ሰብስቦን ያልተማረ ስኳር የለውም አለ። እኔ የተማርኩት ለስኳር ነው፤ ለብርሃን ምናምን አይደለም። ከሰዓት በኋላ በእህል መጋዘን ውስጥ፣ ጢማችን ጎፍሮ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሀ ሁ እንላለን። የምታስተምረን አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላት ተማሪ ነበረች፤ ስንሳሳት ትስቅብን ነበር፣ እኛም ፊት ለፊቷ «እትዬ» እያልን እናሾፍባታለን። ነገሩ ግን ያዘኝ። ጋሪዬን እየነዳሁ የሱቅ ታፔላ ላይ አንድ የማውቃት ፊደል ሳይ ልቤ ይመታ ጀመር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ከእህትህ ነው ብሎ ሦስተኛ ደብዳቤ አመጣልኝ። እንደ ልማዴ ወደ ግራሯ ሄድኩ። ጋሽ ገመቹ ፖስታውን ተቀበለኝና ሳይከፍት አገላብጦ አየው። አንድ አሥርና አንድ አምስት ሳንቲም ከኪሴ አውጥቼ በጣቴ ይዣቸው ነበር፤ ዛሬም ጠርዛቸው ይታወቀኛል። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከጥቂት ወር በኋላ ራሴ አነብ የለ? ለምን እከፍላለሁ? መልስልኝ አልኩት።

«ምነው?» አለኝ።

«ራሴ አነበዋለሁ። እየተማርኩ ነው።»

«ጎበዝ። ግን በቄ፣ ፖስታው ላይ አስቸኳይ ይላል። በቀይ ነው የተጻፈው።»

ሳቅሁበት። ባለሱቁ ዛሬ ካልገዛህ ነገ የለም ይላል፣ ባለጋሪው አሁን ካልተሳፈርክ ባቡሩ ያመልጥሃል ይላል፣ አንተ ደግሞ አስቸኳይ ትላለህ፤ ሁላችንም ለእንጀራችን ነው አልኩት። ፊቱ ቀላ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገልኝና «የኔን አሥራ አምስት ሳንቲም ከሆነ የምትፈራው፣ የእኔ ቤት በእሷ አይቆምም» አለኝ። ያን ጊዜም በነፃ ላንብብልህ አላለኝም፤ እኔም አልለመንኩትም። ሁለት ግትሮች ነበርን።

ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩት ይሄን ነው፦ ራሴ ላንብበው ብዬ ኮርቼ ነው እላለሁ። ለምን አስተማሪዋን አላስነበብክም የሚለኝ ካለም፣ ያን ጊዜ ወረቀት ለቀበሌ ሰው አይሰጥም እላለሁ። ይሄም ሐሰት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሰው የቤቱን ነገር ከግድግዳውም ይደብቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ካረጀሁ ወዲህ ነው ለራሴ ያመንኩት። ሙሉነሽ ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ነበር። ካስነበብኩት መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ያልተነበበ ደብዳቤ ምንም አይጠይቅም። ከአሥራ አምስት ሳንቲሟ ይልቅ ያስቀረሁት የመሰለኝ ያን ነው። ክብሪት መሰንጠቅ ከዚህ ጋር ሲተያይ የሕፃን ጨዋታ ነው። ፖስታውን ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ሰካሁት፤ በየቀኑ እያየሁት እወጣለሁ፣ እያየሁት እገባለሁ።

ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ኅዳር ሚካኤል መጣ፣ ከተማው ታጠነ፣ በማግስቱ ሥራዬ ወጣሁ። የድሬዳዋ ባቡር የሚያልፍበት ቀን ስለነበረ ባለጋሪ ሁሉ ጣቢያው አጥር ጥግ ተደርድሯል። አጥሩ የሰው ወገብ ቢደርስ ነው፤ ከባቡሩ ወንበር የተቀመጠ ሰው መንገዱን ሁሉ ያያል። የእኔ ፈረስ በፉጨት ይደነግጥ ነበር። ስለዚህ ባቡሩ ሲመጣ ጋሪዋን አዞራታለሁ፣ እኔም ልጓሙን ይዤ፣ ጀርባችንን ለባቡሩ ሰጥተን እስኪሄድ እንቆማለን። የዚያን ቀንም እንዲሁ አደረግን። ጓደኞቼ «በቀለ ባቡሩን አኮረፈ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባቡሩ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ሙዝ ሻጮቹ ጮኹ፣ ፉጨቱ ተነፋ፣ ሄደ። ሦስት ዶሮ የያዘች ሴት ጫንኩና ወደ ገበያ ነዳሁ። ደህና ቀን ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ፈረሱን ውኃ አጠጥቼ ጋሪዋ ላይ ተቀመጥኩና ፖስታውን ቀደድኩት። ጣቴን በየፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ጀመርኩ። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። ለምወድህ ለወንድም ጋሼ ለበቀለ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ፈረሱስ እንዴት ነው፣ ሰላም በልልኝ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ያቺን ጠዋት አልረሳትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ስጠብቅ ኖሬ፣ የእህቴን ድምፅ ከወረቀት ላይ በራሴ ዐይን አወጣሁት። ከደስታዬ ብዛት ፈረሱን አንገቱን አቅፌ «ሙሉነሽ ሰላም ብላሃለች» አልኩት። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ።

«ገንዘብ ልጠይቅህ አይደለም። አንድ ሰው ድሬዳዋ፣ ከዚያም ጅቡቲ ልውሰድሽ ብሎኝ እሺ ብያለሁ። ሥራዬንም ለቅቄያለሁ። ግን ሰውየውን ልቤ አላመነውም፤ እንዳልቀር ደግሞ መግቢያ የለኝም። የኅዳር ሚካኤል ማግስት በባቡር እናልፋለን። በመስኮት በኩል እቀመጣለሁ። ናዝሬት ጣቢያ ላይ ከጠበቅከኝ እወርዳለሁ። ኩራዝህን አልነካብህም። ካልጠበቅከኝ ግን እንዳልፈለግከኝ አውቄ እሄዳለሁ፣ አልቀየምህም።»

እያንዳንዷን ቃል ሦስት አራቴ አነበብኳት፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። ገና ጀማሪ ነበርኩ፤ ብዙ ፊደል እሳሳታለሁ። ያን ቀን ግን አንድም አልተሳሳትኩም። ጋሪዋን ለጓደኛዬ ጥዬ በዚያው ቀን ደብረ ዘይት ሄድኩ። የሆቴሏ ባለቤት ሙሉነሽ በሚካኤል ማግስት እንደሄደች፣ በመስኮት በኩል ቦታ ይያዝልኝ ብላ ሰውየውን ስትጨቀጭቀው እንደነበር ነገረችኝ። «ወንድሟ ነህ?» አለችኝ። ጋሪዋን ሸጥኩ። ድሬዳዋ ሁለት ወር ተመላለስኩ፣ ከጣቢያ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ መጋዘኖቹ፤ አየኋት የሚል አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፣ እሱም ያያት ሌላ ሙሉነሽ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ዘመን ተለወጠ፣ ሰው ሄደ፣ ሰው መጣ፤ ትኑር አትኑር አላውቅም። የሚያስነሳኝ ግን መሄዷ ብቻ አይደለም። ያ አጥር ዝቅ ያለ ነው። እሷ ደግሞ ፈረሱን በሩቁ ታውቀዋለች። አይታኝ ይሆን? ወንድሜ መጥቷል ብላ ከወንበሯ ተነስታ፣ ጀርባዬን ሳዞርባት አይታ ተመልሳ ተቀምጣ ይሆን? ይሄን የሚመልስልኝ ሰው የለም። ቁጭ ስል ይመጣብኛል፤ ስለዚህ ቁጭ አልልም።

መንገዱን ተሻገርኩ። «አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ገመቹ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ዐይኖቹ ላይ ነጭ ወርዶባቸዋል። «ማን ልበል?»

«በቀለ ነኝ። ባለጋሪው።»

ፈገግ ብሎ ድዱን አሳየኝ። «ያ ክብሪት ሰንጣቂው? አንተ አልሞትክም እንዴ? ለካ መቃብርም ያስከፍላል ተብለህ ነው።» እኔም ሳቅሁ። የያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ እንደሰጠችው፣ ዐይኑ እንደማያይለት፣ ቅዳሜ ልጁ ከመልካሳ ስትመጣ እንደምታነብለት ነገረኝ። «ግዴለም፣ የሚያስቸኩል አይመስለኝም» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ ወረቀቱን ከእጁ ወሰድኩት። ነጠቅኩት ብል ይሻላል። እዚያው ቆሜ፣ ባጃጁ ጩኸቱን እያስተጋባብኝ፣ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ምንም አልነበረበትም፤ የዐይን ጠብታ የተገዛበት ደረሰኝ ነው። ሁለተኛ አነበብኩለት።

ስጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ በቀይ የተጻፈባት» አለኝ። «አነበብካት?»

«አነበብኳት።»

«መቼ?»

«ፋሲካ ካለፈ በኋላ።»

ጣቶቹ ብትሩ ላይ ተንቀሳቀሱ። ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ይቆጥር እንደነበር ገባኝ። ምን ይል እንደነበር አልጠየቀኝም። እጁን ኪሱ ከተተና፣ ነገሩን ቀለል ሊያደርግልኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ስንት ነው ታዲያ፣ የማንበቢያው?» አለኝ።

«አሥራ አምስት ሳንቲም» አልኩት።

አልሳቀም። የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ እጄን ፈልጎ አገኘና መዳፌ ላይ አድርጎ ጣቶቼን ዘጋቸው። ብሩን አልመለስኩለትም። ባጃጅ አቁሜ አሳፈርኩትና ወደ ጣቢያው ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል፣ ሐዲዱ ውስጥ ሣር በቅሏል። ድሮ ጋሪዬን የማቆምበት አጥር ጥግ ደረስኩና፣ ፊቴን ወደ ሐዲዱ አዙሬ ቆምኩ።